የሁለት አገር ቬኒር

አጎቴ «ገደማ» የሚለውን ቃል አይወድም። ቅዳሜ ምሳ ላይ «አሥር ሰው ገደማ መጥቶ ነበር» ካልኩ ማንኪያውን አስቀምጦ ያየኛል። «ዘጠኝ ነው ወይስ አሥራ አንድ?» ይለኛል። ዘጠኝ ሆነ አሥራ አንድ የማንንም ጎጆ አያፈርስም። ለእሱ ግን ያፈርሳል። የኋላ ኋላ ጎጆ ያፈረሰውም እንዲህ ያለው ነገር ነው፤ ያውም የባዕድ ሳይሆን የገዛ ወንድሙን፣ የእኔን አባት ጎጆ። ስለ እሱ ሳወራ ድምፄ ከፍ ይላል ይሉኛል። ከፍ ይበላ።

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ማስመሪያው» ነበር የሚሉት። የሠላሳ ሳንቲ ሜትር የብረት ማስመሪያ ከኮቱ የውስጥ ኪስ ተለይቶት አያውቅም። ሲቀመጥም ሲራመድም ያ ብረት ጀርባው ውስጥ የገባ ይመስል ቀጥ ብሎ ነው። ሥራው የውጭ ንግድ ቁጥር መመዝገብ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ አራት ጠረጴዛ የታጨቀበት ክፍል ነው ያለው፤ መስኮቱ የሚያየው የሌላ ሕንፃ ግድግዳ ነው፤ የብረቱ ቁም ሣጥን ካልረገጡት አይከፈትም። ከጉምሩክ የሚመጣውን ወረቀት እየዘረጋ ከየት ምን ገባ፣ ስንት ቶን ገባ እያለ በየመደቡ ይጽፋል። ለእሱ የደረሰው መደብ እንጨትና ከእንጨት የሚሠራ ነገር ነበር፤ ግንድ፣ ጣውላ፣ ክብሪት፣ እርሳስ፣ ቬኒር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ አገሩ የገባላትን እንጨት ሲቆጥር ኖረ።

ከሁሉ የሚኮራባት አንዲት አባባል ነበረችው። «መዝገብ ያልገባ፣ አገር አልገባም» ይላል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሚቀበለው በዚህ ነው። እኛ ቤት መቀስ ወይም የጓዳ ቁልፍ ሲጠፋ አባዬ «ቆይ፣ መጀመሪያስ መዝገብ ገብቶ ነበር ወይ?» እያለ ይቀልድበታል። አጎቴም አብሮ ይስቃል። ያኔ ይሳሳቁ ነበር።

ክፉ ሰው አይደለም። ይኼን አስቀድሜ ልናገር፤ ክፉ ቢሆን ነገሩ ይቀለኝ ነበር። የራሱ ልጅ የለውም። ቀጥ ያለ መስመር ማስመር ያስተማረኝ እሱ ነው፤ «እርሳሱን አትጫኚው፣ ማስመሪያውን ነው የሚጫኑት» ይለኝ ነበር። ታምሜ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ አሥራ አንድ ቀን ተመላልሷል። አሥራ አንድ መሆኑን የማውቀው እሱ ስለቆጠረው ነው።

ቬኒር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ከጥሩ ግንድ ላይ እንደ ወረቀት ሳስቶ የሚላጥ እንጨት ነው። ርካሽ ቺፑድ ላይ ይለጠፍና ጠረጴዛው ከላይ እስከ ታች ከውድ እንጨት የተሠራ ይመስላል። ሰውም ቬኒር አለው፤ ወደዚያ አልገባም።

አባዬ የሚሠራው ከተማው ጫፍ ላይ ባለው የቬኒር ፋብሪካ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው የገባው። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲሞቱ እሱ ስድስተኛ ክፍል፣ አጎቴ ሁለተኛ ክፍል ነበሩ። አንዱ ይሥራ፣ አንዱ ይማር ተባለ። ማን እንዳለው አላውቅም። ምናልባት ማንም አላለም፤ ታላቅ ስለሆነ ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ደብተሩን ትቶ ወጥቶ ይሆናል። የአጎቴ ደብተር፣ የአጎቴ ጫማ፣ በኋላም የአጎቴ ኮሌጅ የወጣው ከዚያ ፋብሪካ ነው። አባዬ ይኼን አንድ ቀን ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። የነገረችኝ እናቴ ናት፣ እሷም የተናደደች ጊዜ።

ፋብሪካው ውስጥ ግንዱን ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሁለት ቀን ይዘፈዝፉታል። ሲለሰልስ ረጅሙ ቢላዋ ሥር ይገባና ሉክ በሉክ እየተላጠ ይወጣል። ሉኮቹ የግድ በወጡበት ተራ መደራረብ አለባቸው። ተራው ከተዛነፈ የአንዱ መስመር ከሚቀጥለው ጋር አይገጥምም፤ የቁም ሣጥን በር የሚሠራው አናጢም ግራና ቀኙን ማመሳሰል አይችልም። ሠላሳ ሁለት ሉክ አንድ እስር ይባላል። አባዬ መራጭ ነበር። እያንዳንዱን ሉክ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ ያየዋል፣ ከዚያ በመዳፉ ይዳብሰዋል። ስንጥቅ ካለ፣ ቢላዋው ያሳሳው ቦታ ካለ እጁ ይነግረዋል። ጥፍሩን በየሁለት ቀኑ ይከረክም ነበር። ሉክ ይቧጭራል ብሎ የጋብቻ ቀለበቱን እንኳን አያጠልቅም፤ ቀለበቱ ዕቃ መደርደሪያችን ላይ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጦ ኖረ። «እኔን ነው ወይስ እንጨቱን ነው ያገባኸው?» ትለው ነበር እናቴ። እስሩን ቆጥሮ ሲጨርስ ጎኑ ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት ያደርግና «እስሩ ሙሉ ነው» ይላል። ምሳ ላደርስለት ስሄድ ቆሜ እሰማው ነበር።

የፋብሪካው ችግር የጀመረው ከውጭ በሚገባ ቬኒር ነው። ባለቤቶቹ መንግሥትን ለምነው የውጭው ቬኒር ቀረጥ ከፍ ተደረገ። ጥቂት ወር ተነፈስን። ከዚያ ገበያው እንደገና በውጭ ቬኒር ተሞላ፤ ዋጋውም ከእኛው ይረክሳል። ቀረጥ ከፍሎ የገባ ዕቃ እንዴት ይረክሳል? ባለቤቶቹ አቤት አሉ። ዕቃው በሆነ በር ሾልኮ እየገባ ነው፣ ድንበሩ ይጠበቅልን፣ አለዚያ እንዘጋለን ብለው ጻፉ። ሚኒስቴሩ ደግሞ እንደ ደንቡ መረጃ ይምጣ አለ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ እኛና ወደ ጎረቤት አገር የገባው ቬኒር ተነጻጽሮ ይቅረብ፣ በእርግጥ የእኛ ጨምሮ እንደሆነ እንይ የሚል ደብዳቤ ለስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ደረሰ። ደብዳቤው ደረጃ በደረጃ ወርዶ ሦስተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ፣ አጎቴ ጠረጴዛ ላይ አረፈ።

እናቴ ያኔ ነው የሰጋችው። «ለሌላ ሰው ስጡት ብትላቸውስ?» አለችው። «ነገ ወዲህ ቢሆን ለወንድሙ አደላ ይሉሃል፣ ወዲያ ቢሆን ወንድሙን ቀበረ ይሉሃል።»

«የእንጨት መደብ የእኔ ነው» አላት። «ቁጥር ዘመድ የለውም።»

አባዬ ግን ደስ ብሎት ነበር። ፋብሪካው ውስጥ መቶ ስልሳ ሰባት ሰው ነው የሚሠራው፤ ለሁሉም «የእኛ አቤቱታ እውነት ነው፤ እውነቱን የሚጽፈው ደግሞ የእኔ ወንድም ነው» ብሎ አወራላቸው። ቁጥር የሚዋሽ አይመስለውም ነበር። ስድስተኛ ክፍል ያቆመ ሰው ለቁጥር ያለው አክብሮት የተማረ ሰው ዘንድ አይገኝም።

አጎቴ ሦስት ወር ሠራ። የጎረቤት አገር ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ የሚያሳትመውን ወፍራም መጽሐፍ በፖስታ አስመጣ። እዚያ ማዶም እንደ እሱ ያለ አንድ ሰው እንዳለ ያስብ ነበር። «የእንጨት መደብ ላይ የተቀመጠው ሰው ጎበዝ ነው፤ አንድ ስህተት አጣሁበት» እያለ ያላየውን ሰው ሲያደንቅ ሰምቼዋለሁ። ማዶ ያለው በኪሎ የጻፈውን እሱ ወደ ቶን ቀየረ። እያንዳንዱን ቁጥር ሦስት ጊዜ አጣራ። ሠንጠረዡን በእጁ አሰመረ፤ ግራው ዓምድ የእኛ፣ ቀኙ ዓምድ የእነሱ።

ቁጥሩ እንዲህ ሆነ። የእኛ በመጀመሪያው ዓመት ዘጠኝ መቶ አሥር ቶን ነበር። ቀረጡ ከተጨመረ በኋላ እየወረደ እየወረደ ሄዶ በመጨረሻው ዓመት ሦስት መቶ አሥር ገባ። የእነሱ ከመቶ ዘጠና ተነስቶ ስምንት መቶ ሃያ ደረሰ። የእኛ ሲሶ ሲቀር የእነሱ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ።

ይኼን ቅዳሜ ምሳ ላይ ነገረን። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበረ፤ ከሐዘኑ ሥር ደግሞ ኩራት ነበረ፤ ወንድሙን እንኳን ቢጎዳ እውነቱን የማይደብቅ ሰው ኩራት። ያቺን ኩራት እስካሁን አልረሳኋትም። አባዬ ሳህኑን ገፋ አደረገና እጁን ሊታጠብ ተነሳ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። ምሳው ሳይነሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። አንድ ሉክ ቬኒር ነው፤ ከገበያ የገዛው።

«ዳብሰው» አለው ወንድሙን።

«እኔ መዳበስ አላውቅም፣ ወንድም ጋሼ።»

«የእኛ ቢላዋ አሮጌ ነው፣ ሉኩ ወፈር ይላል። ይኼ ሳሳ ያለ ነው፣ የውጭ ነው። በቅርብ የተላጠ ነው፣ ገና ሽታው አለቀቀውም። ገበያው በሞላ ይኼ ነው።»

«ባለፈው ዓመት ሦስት መቶ አሥር ቶን ገብቷል። ከዚያ ውስጥ ይሆናል።»

«ሦስት መቶ አሥር ቶንማ እዚህ ሰፈር ያሉት አናጢዎች ብቻ ይጨርሱታል። ሂድና እያቸው።»

«አንድ ሉክ መረጃ አይሆንም» አለ አጎቴ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ገበያ ሄጄ ባይም መረጃ አይሆንም። የማየው ዛሬ ያለውን ነው። መዝገቡ ግን የአሥር ዓመት ነው።»

አባዬ ሠንጠረዡን አሳየኝ አለው። አጎቴ ከቦርሳው አውጥቶ ዘረጋለት። አባዬ በዚያ ጥፍሩ በተከረከመ ጣቱ አንዱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች፣ ከዚያ ሌላውን ከላይ እስከ ታች ዳበሰ። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው።

«ይኼ የእኛ፣ ይኼ የእነሱ?»

«አዎ።»

«የእኛ በወረደ ቁጥር የእነሱ ወጥቷል።»

«አዎ። እነሱ ዘንድ የቤት ዕቃ ሥራው አድጓል ማለት ነው። እኛ ዘንድ ፈላጊው ቀንሷል።»

«ደምራቸው» አለ አባዬ።

«ምኑን?»

«ሁለቱን። በየዓመቱ የእኛንና የእነሱን አንድ ላይ ደምራቸው።»

አጎቴ ሳቀ። የንቀት ሳቅ አልነበረም፤ ሕፃን ልጅ ጨረቃን አውርዱልኝ ሲል የሚሳቅ ዓይነት ሳቅ ነው። «የሁለት አገር ቁጥር ይነጻጸራል እንጂ አይደመርም፣ ወንድም ጋሼ። ምን ተብሎ ይደመራል? የማን ድምር ሊባል ነው?»

«እኛ ጋ አንድ እስር የጎደለ እንደሆነ» አለ አባዬ፣ «ከአጠገቡ ካለው እስር ጋር አንድ ላይ እንቆጥረዋለን። አንዱ ሠላሳ፣ ሌላው ሠላሳ አራት ከመጣ ጠፋ አይባልም። ቦታ ቀይሯል ነው የሚባለው። መጀመሪያ የምናየው ድምሩን ነው።»

«እሱ እንጨት ነው» አለ አጎቴ።

«ይኼስ ምንድን ነው?» አለ አባዬ።

እናቴ ሳህን ማንሳት ጀመረች። አጎቴ ሠንጠረዡን በታጠፈበት አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው። አርባ ዓመት ያህል እንጨት የዳበሰ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ አጎቴ ያመነው ማዶ ያለውን አይቶት የማያውቀውን ሰው ነበር። ሌላውን ብቻ አልወቅስም። እኔም ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፣ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ቆሜ ቀኑን ሙሉ ስደምር ነው የምውለው፤ ወረቀቱ ዓይኔ ሥር ተዘርግቶ አልደመርኩም። እኔም አባቴን አልሰማሁትም። ድካም ነው የሚያናግረው ብዬ ነበር።

ሪፖርቱ አሥራ አንድ ገጽ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ «ወደ አገር ውስጥ የሚገባው ቬኒር ጨምሯል የሚለው አቤቱታ በመረጃ የተደገፈ ሆኖ አልተገኘም» ይላል። የመምሪያ ኃላፊዋ ፈረመችበት፣ ማኅተም አረፈበት፣ ሄደ። ሚኒስቴሩም ድንበር የሚጠብቅበት ምክንያት አላገኘም፤ ምን ሊጠብቅ? መዝገብ ላይ የሌለ ነገር። በአራተኛው ወር ፋብሪካው ተዘጋ። የመጨረሻው ግንድ ከገንዳው ሳይወጣ ነው የቀረው። ማንም የሚያወጣው ስለሌለ ውሃው ቀዝቅዞበት እዚያው በሰበሰ አሉ።

አባዬ በዚያን ቀን በጊዜ ቤት መጣ። ከሱሪ ኪሱ ግማሽ ጠመኔ አውጥቶ ዕቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ብርጭቆውን አንስቶ ገለበጠና ቀለበቱን ጣቱ ላይ አጠለቀ። እናቴ ይኼን ስታይ ፊቷን አዙራ ጓዳ ገባች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ቀለበትህን አጥልቅ ስትለው የኖረች ሴት ናት።

አጎቴ ቅዳሜ እንደ ወትሮው መጣ። ይኼንንም አልክድም፤ ደፍሮ መጣ። አባዬ ራት ምሳውን አብሮት ሲበላ ከኖረው ወንድሙ ፊት ለፊት ተቀመጠና «መዝገብ ላይ ስንት ሰው ከሥራ ወጣ ይላል?» አለው።

«መቶ ስልሳ ሰባት።»

«አንዱ እኔ ነኝ» አለና ተነስቶ ሄደ።

አልተሰዳደቡም። ቢሰዳደቡ ይሻል ነበር፤ ስድብ በሽማግሌ ይታረቃል። አጎቴ ሁለት ቅዳሜ ጥሪ ጠብቆ ቀረ። አባዬም አልጠራውም። ስድስት ዓመት እንዲህ ሄደ። አንድ ከተማ ውስጥ፣ በእግር የሃያ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ። አጎቴ ቆጥሮታል።

ከግማሽ ዓመት በኋላ አባዬ ሥራ አገኘ። የቤት ዕቃ ሱቆቹ ጀርባ ያለ አንድ የነጋዴ መጋዘን ጥበቃ ሆነ። በሃምሳ አራት ዓመቱ ካፖርት፣ ዱላና የእጅ ባትሪ ተሰጠው። በመጀመሪያው ቀን የጭነት መኪና መጣ። ከላይ የተጫነው ጆንያ ሲወርድ ከሥሩ እስር እስር ሆኖ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ወጣ። አንደኛው ጥግ ላይ ተቀዷል። አባዬ ጣቱን በቀዳዳው ሰደደ። ሳሳ ያለ ነው፤ በቅርብ የተላጠ። በእያንዳንዱ እስር የላይኛው ሉክ ላይ ደግሞ የጎረቤት አገር ወደብ ማኅተም በቀለም ተመቷል።

ቤት መጥቶ ሲነግረን ድምፁ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚያወራ ይመስል ነበር። እኔ ነኝ የነደድኩት። «ለሚመለከተው ሰው ተናገር» አልኩት።

«የሚመለከተው ወንድሜ ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ የበላነው እንጀራ ከዚያ መጋዘን የመጣ ነው። አፍን ሞልቶ መናገርም በምን አፍ? ሆድ ይፍጀው ብለን ኖርን። አባዬ ማንም ሳያዘው የሚገባውን እስር ይቆጥር ነበር። ልማድ ሆኖበት ነው እንጂ ለማን ብሎ አይደለም።

አጎቴ ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ አዋጥቶ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሸለመው፤ ከተማው ውስጥ የተሠራ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ውድ እንጨት የሚመስል። ኃላፊዋ ንግግር አደረገች፤ በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድም ስህተት ያልተገኘበት ሠራተኛ አለችው። እውነቷን ነው፤ አልተገኘበትም።

መደርደሪያው ቤቱ ገብቶ ሲቆም አንድ እግሩ ተንገዳገደ። አጎቴ የተንገዳገደ ነገር አይችልም። አጋድሞ ገለበጠውና ማስመሪያውን አውጥቶ እግሮቹን መለካት ጀመረ። የታችኛው ጣውላ ሆድ ላይ፣ ሰው በማያየው በኩል፣ አናጢው ሳይፍቀው የተወው የቀለም ማኅተም አየ። የጎረቤት አገር ወደብ ስም፣ የእስሩ ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረት። ሉኩ መጋዘን የከረመ መሆን አለበት፤ ዓመቱ የሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓመት ነበር፤ ለእኛ ሦስት መቶ አሥር፣ ለእነሱ ስምንት መቶ ሃያ የተጻፈበት። ይኼ ሉክ እነሱ መዝገብ ላይ ገብቷል። እኛ መዝገብ ላይ አልገባም። አጎቴ ቤት ግን ገብቷል።

ይኼን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው። ስንት ቀን ከዚያ ማኅተም ፊት እንደተቀመጠ አልነገረኝም፤ ምናልባት ሳይቆጥር የቀረው ነገር ይኼ ብቻ ይሆናል። ከዚያ የሪፖርቱን ቅጂ አወጣ። ከሁለቱ ዓምዶች በስተቀኝ ሦስተኛ ዓምድ አሰመረና ደመረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ በራችን ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከስቷል። ጀርባው እንደ ድሮው ቀጥ አላለም። አልፎኝ ገባ። አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጥበቃ ካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚገባው። ቀና ብሎ አየውና ቁልፉን መቆለፉን ቀጠለ።

አጎቴ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ያው ጠረጴዛ ነው፣ ያው ቦታ።

«ደመርኳቸው፣ ወንድም ጋሼ» አለ።

አጎቴ ቆሞ ማንበብ ጀመረ። «አንድ ሺህ አንድ መቶ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥራ አምስት። ቀረጡ የተጨመረበት ዓመት፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ። ከዚያ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ...» ከወረቀቱ ቀና አለ። «አልቀነሰም። አሥሩንም ዓመት አንድ ሺህ አንድ መቶ ሃያ ገደማ ነው።»

ገደማ አለ። በሕይወቴ ከአፉ ስሰማው ያ የመጀመሪያ ቀን ነው።

«እኔም አልተሳሳትኩም፣ ማዶ ያለውም ሰውዬ አልተሳሳተም» አለ። «ሁለታችንም ጋ የገባውን ነው የጻፍነው።» ይኼን ለአባዬ ይበለው ለራሱ ይበለው አላወቅኩም። አዘንኩለት፤ ወዲያው ደግሞ በማዘኔ በራሴ ተናደድኩ። ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ ለማን ይጠቅማል? ማሽኑ ተነቃቅሎ ተሸጧል። ከመቶ ስልሳ ሰባቱ አሥራ አራት ሞተዋል። አባዬ ስድሳ ዓመቱ ነው።

አባዬ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ጣቱን ሦስተኛው ዓምድ አናት ላይ አስቀመጠና ቁልቁል እየዳበሰ ወረደ። ጥፍሩን መከርከም ከተወ ቆይቷል። ቀለበቱም ከጣቱ አይወጣም፣ ጣቱ አብጦበታል። ታች ሲደርስ ቆመ።

«እስሩ ሙሉ ነው» አለ።

ወረቀቱን ለወንድሙ መለሰለት። ዱላውን ከበሩ ጀርባ፣ ባትሪውን ከመስኮቱ ላይ አነሳ። በአጠገቡ ሲያልፍ እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላሳረፈም። በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።

አጎቴ እንደ ቆመ ቀረ። ወንበር ሳብኩለት፣ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት፣ አልጠጣም።

«የት ነው የሚሠራው?» አለኝ።

«ጥበቃ ነው። መጋዘን ይጠብቃል።»

«የምን መጋዘን?»

ብዋሽለት ይሻል ነበር። የእህል ብለው ማን ያውቅብኛል? ግን ይኼ ሰው ዘጠኝ ነው ወይስ አሥራ አንድ እያለ ነው ያሳደገኝ። ለእሱ ከሆነ ልክ ልኩን ነው የምነግረው።

«የቬኒር» አልኩት። «ትናንት ስልሳ አራት እስር ገብቷል። አባዬ ቆጥሮታል።»

አጎቴ በልማዱ እርሳሱን አወጣ። ወረቀቱን አየ፤ ሦስቱም ዓምድ ሞልቷል፣ የሚጻፍበት ቦታ የለም። እርሳሱን መልሶ ኪሱ ከተተው።